ከአጥር ውጭ የዋለ በዓል

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወሩን ይዣለሁ። እኔ ከሥራው ወጣሁ እንጂ ሥራው ከእኔ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ በሚኒባስ ስመጣ ከፊቴ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር። ሆዷን በዓይኔ እየለካሁ፣ ሠላሳ ሁለት ነው ሠላሳ ሦስት ሳምንት ስል መውረጃዬ አለፈኝ። አላስቻለኝም፤ ስንወርድ ጠየቅኋት። «ሠላሳ ሦስት» አለችኝና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አልፈርድባትም።

የሥራ ዘመኔ በሦስት ከተሞች አለቀ። ሰበታ ጀመርኩ፣ ሱሉልታ ቀጠልኩ፣ ቡራዩ ላይ ጨረስኩ። መሀል አዲስ አበባ የገባሁት ለትምህርትና ለስብሰባ ብቻ ነው፤ ጓደኞቼ «የከተማዋ መቀነት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ልጆቼን አሳደግኩበት፣ ተመስገን ነው። ስለሞላሁት ፎርም ደግሞ ባወራ ይኸው ጽሑፍ ራሱ ፎርም ይሆናል። የማወራው እርጉዝ ሴትን እንዴት መጠየቅ እንዳለብኝ ስላስተማሩኝ ሁለት ሴቶች ነው። አንዷ አዋላጅ ነርስ፣ አንዷ ደግሞ ታካሚዬ ናት።

ሰበታ የደረስኩት ዲግሪዬ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ማዋለጃ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር አስካለ ነበረች። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ግን አንዴ ከተናገረች ኮሪደሩ በሙሉ ጸጥ የሚልላት ሴት። ወረቀት ላይ አለቃዋ እኔ ነበርኩ። ወረቀት ብዙ ነገር ይላል።

ሲስተር አስካለ እርጉዝ ሴት ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን እስኪሞቁ ድረስ ታሻሽ ነበር። «ቀዝቃዛ እጅ ሆድን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሆድ ደግሞ እውነቱን አይናገርም» ትላለች። ወንበሯ ከታካሚዋ ወንበር ዝቅ ያለ ነበር፤ እሷ ናት ሆን ብላ እግሩን ያስቆረጠችው። ከራስጌዋ የበዓላት ቀን በቀይ የተጻፈበት የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል። የመጀመሪያ ጥያቄዋም ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«የትኛውን በዓል ነው ከአጥር ውጭ የዋልሽው?»

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በዓል ከዋለባት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምትሳለመው። ቀን ቁጥር የማትይዝ ሴት እንኳ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አደግድገው ሲገቡ እሷ ውጭ የቀረችበትን በዓል አትረሳም። ሲስተር አስካለ ከዚያ በዓል ተነስታ ካላንደሩ ላይ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን፣ ጳጉሜን ከተሻገረች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። በፈረንጅ ወር እየቆጠረ የመውለጃ ቀን የሚያወጣውን የእኔን ክብ ካርቶን አይታ «ይሄ ጳጉሜን ያውቃታል?» አለችኝ አንድ ቀን። አያውቃትም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራት። የተወለደውን ልጅ ሁሉ ውስጥ እግሩን ታገላብጣለች። ጊዜው ያልደረሰ ልጅ ውስጥ እግሩ ልስልስ ነው፤ ሳምንቱ ሲገፋ ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ተረከዙ እየወረደ ይሸበሸባል። «ልጅ ዕድሜውን እዚህ ጽፎ ነው የሚመጣው፤ አንብቢው» ትለኝ ነበር። ልጅ የሞተባትን እናት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ድረስ ሄዳ ለቅሶ ትደርሳለች። ተፍኪ ድረስ በእግሯ የሄደችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት «እኔ እጅ ላይ አይደል የሞተው?» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ሦስት ዓመት አብሬያት ሠራሁና ለስፔሻሊቲ ሄድኩ። ከዚያም ላይ ጨምሬ አደጋ ያለበትን እርግዝናና ያለጊዜ መውለድን አጠናሁ። ስመለስ ሱሉልታ መደቡኝ፤ አዲስ አልትራሳውንድም አብሮኝ ደረሰ። ያንን ማሽን ራሴ በፎጣ እወለውለው ነበር። ሰው እውቀቱን ሲወድ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እውቀቴን ይዤ ሰው ፊት የምቆመውን ራሴን ነበር የወደድኩት።

ጫልቱ የመጣችው በሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ነው። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ናት፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ፊቷ አብጧል፣ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ባሏ በቀለ እርጥብ ጋቢውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል።

«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት፣ ማሽኑን እያበራሁ።

«ኅዳር ጽዮን አጥር ጋ ነበርኩ፣ ዶክተር። በዋዜማው መጣብኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁም። በእኔ ቁጥር ጳጉሜ ሳትገባ ነው የምወልደው።»

ሲስተር አስካለ ብትሆን ጣቷን ካላንደሩ ላይ ታደርግ ነበር። ሠላሳ አራት ሳምንት ሞልቷታል ማለት ነው። እኔ ግን የሕፃኑን ጭንቅላትና የጭኑን አጥንት ለካሁ፤ ማሽኑ ሠላሳ አለኝ፣ መውለጃዋም ከመስቀል በኋላ ሆነ።

«ሠላሳ ሳምንት ነሽ» አልኳት።

«አይ፣ ኅዳር ጽዮን ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ይህን ጊዜ ቀልድ አማረኝ። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ማሽን አጥር ጋ አይቆምም፤ ዘልቆ ነው የሚገባው» አልኳት። ነርሶቹ ሳቁ። ካርዷ ላይ በራሴ እጅ «30 ሳምንት» ብዬ ጻፍኩ።

የሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። አልትራሳውንድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕድሜን በደንብ ይናገራል። እርግዝናው ከገፋ በኋላ ግን የሚለካው የልጁን መጠን ነው። ደም ግፊት እንግዴ ልጁን ሲጎዳው ሕፃኑ ምግብ አይደርሰውም፤ ይቀጭጫል። የሠላሳ አራት ሳምንት ልጅ ተርቦ የሠላሳ ሊመስል ይችላል። ማሽኑ አልዋሸኝም፤ ልኩን ነገረኝ። ዕድሜውን የገመትኩት እኔ ነኝ፣ ከእናቲቱ አፍ የወጣውን ትቼ።

ሠላሳ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ውሳኔዬ ትክክል ነበር። ያኔ በነበረን አቅም የሠላሳ ሳምንት ልጅ አውጥቶ ማሳደግ ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ አስተኛኋት፣ የግፊት መድኃኒት ጀመርኩላት፣ ለልጁ ሳምንት ልግዛለት ብዬ ጠበቅኩ። የገዛሁለት ሳምንት ግን የረሃብ ሳምንት ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የልብ ምቱን ፈለግኩ። መዳፌን አሽቼ ደግሜ ፈለግኩ። አልነበረም።

ሲወለድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ወንድ ነው። ትንሽ፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ የተጣበቀ። እጄ በልማድ ውስጥ እግሩን ገለበጠ። ከጣቶቹ ጀምሮ ከመሀሉ አልፎ ተሸብሽቧል። አነበብኩት። የሠላሳ ሳምንት ልጅ እግር አልነበረም።

ጫልቱ ዓይኔን እያየች ነበር። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ ጫልቱ፤ ምን ይደረጋል» አልኳት።

እሑድ ሰበታ ወረድኩ። ሲስተር አስካለ ያኔ ጡረታ ወጥታ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለች ቤቷ ጎመን ትተክል ነበር። ከጎመን መደቡ ሳትነሳ ሁሉንም ሰማችኝ። ማሽኑን ስረግም አረሟን ነቀለች። ሳለቅስም ነቀለች። በመጨረሻ እጇን ከአፈሩ አራገፈችና፦

«ለእናቲቱ ምን አልሻት?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ያመጣው ነው አልኳት።»

«እግዜር ብዙ ይሸከማል፣ ልጄ። የአንቺን ግን ለእሱ አትስጪው። ሂጂና መልሰሽ ውሰጂው።»

«ቢከሱኝስ?»

«ይክሱሻ። እሷ ልጇ ሞቷል፤ አንቺ ስለ ወንበርሽ ታወሪያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩባት። መንገዱን በሙሉ በልቤ ስሟገታት መጣሁ። በማግስቱ ግን ለሆስፒታሉ ኃላፊ የሆነውን ሁሉ ተናግሬ ጫልቱ ቤት ሄድኩ።

ዝናቡ ሜዳውን ሁሉ አጥለቅልቆት ነበር፤ ከአስፋልቱ ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። የበቀለ አባት ኦቦ ዳባ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። «አካም ጅርቱ» ብዬ እጅ ነሣሁ። አስገቡኝ። ጫልቱ መደቡ ላይ ተጋድማለች፣ በቀለ አጠገቧ አለ። ለብቻዋ ልንገራት ወይ ብዬ አሰብኩና ተውኩት፤ የቀለድኩባት ሰው ፊት ነበር።

«ጫልቱ፣ ኅዳር ጽዮን ያልሽኝ ልክ ነበር» አልኳት። «ልጅሽ ሠላሳ አራት ሳምንቱ ነበር። ያነሰው ምግብ ስላልደረሰው ነው እንጂ ዕድሜው ስላልደረሰ አይደለም። የመጣሽ ዕለት ላዋልድሽ ይገባ ነበር። አልሰማሁሽም። እግዚአብሔር ያመጣው ነው ያልኩት ሐሰት ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

በቀለ ተነስቶ ወጣ። ጫልቱ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«ይኖር ነበር?»

ሐኪም ለዚህ ጥያቄ ብዙ መሸሻ አለው። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

«ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኦቦ ዳባ ዱላቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አዲስ አፈር አሳዩኝ። «እዚያ ነው ያረፈው። ክርስትና አልተነሣማ፣ ስም የለው፣ ውስጥ አይገባም» አሉ። ቆመን አየን። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይቅርታው የእሷ ነው፤ እኔ ልሰጥሽ አልችልም። መንገዱን ግን አሳይሻለሁ፤ ጭቃ ነው፣ ትወድቂያለሽ።»

ዱላቸውንም አስያዙኝ። «ገለቶማ፣ አባባ» ብዬ አመሰገንኳቸው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ደግፎኛል፤ እንደዚያች ዱላ የደገፈኝ ግን የለም።

አልከሰሱኝም። ቢከሱኝ ይገባቸው ነበር።

በዓመቱ ቡራዩ ተዛወርኩ። ያችን ጥያቄ ግን ይዤያት ሄድኩ፦ «ያለጊዜው ተወለደ» ብለን ከምንጽፈው ልጅ ስንቱ በእውነት ጊዜው ያልደረሰ ነው፣ ስንቱ በማህፀን ተርቦ ያነሰ ነው? ሁለቱ የሚታከሙት ለየቅል ነው። የሦስቱን ከተሞች ጤና ጣቢያዎች አስተባብሬ ጥናት ጀመርኩ። ዋናው ነገር ካርዱ ላይ የጨመርናቸው ሁለት መስመሮች ናቸው። የመጀመሪያው «እናት ያለችው» ይላል፤ ሁለተኛው «ማሽን ያለው»። የመጀመሪያው ሳይሞላ ሁለተኛው እንዳይሞላ ከለከልኩ።

የቡራዩ አለቃዬ አቶ ግርማ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ሰርግ ቢጠሩት ሪፖርት ይዞ የሚሄድ። ካርዱን አይቶ «ዶክተር፣ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ሪፖርቱ ላይ የቱን ልጻፍ?» አለኝ።

«ያልተስማሙበትን ምክንያት።»

«ለምክንያት ሣጥን የለም እኮ!»

ሲያጉረመርም ከረመና አንድ ቀን ለምክንያት ሣጥን ያለው አዲስ ካርድ አሳትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። እንደዚያ ዓይነት አለቃ ነበር። ውለታውን አልረሳም።

ቡራዩ ሌላም ነገር አስተማረችኝ። የሲስተር አስካለን ጥያቄ እንደ ጸሎት ሸምድጄው ስለነበር አንዲትን ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ፣ ምሕረት ትባላለች፣ የትኛውን በዓል ከአጥር ውጭ እንደዋለች ጠየቅኋት።

«ዶክተር፣ እኔ ጴንጤ ነኝ» አለችኝ። «እኛ ጋ አጥር የለም።»

ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። በኋላ ተነጋግረን ደረስንበት፤ የሌሊት ፈረቃ የገባችበት ሳምንት ነበር፣ ሆዷን እያመማት ቆማ ስለሠራች አትረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ለወጥኩት። እያንዳንዷ ሴት ቀኗን የምታስርበት የራሷ ቋጠሮ አላት፤ ፈረቃ ይሆናል፣ የረመዳን ጾም ይሆናል፣ የገበያ ቀን ይሆናል። የሐኪሙ ሥራ ፈልጎ ማግኘት ነው። ጥናቱም ያሳየን፣ ትልልቁን ቃል ሁሉ ትተን፣ ይኸው ነው፤ በትዕግሥት የተጠየቀች እናት ታውቃለች።

ሱሉልታን ከለቀቅኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ የክፍሌ በር ተከፈተና ጫልቱ ገባች። ቡራዩ ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይራ ነው የመጣችው። ወፍራ፣ በስላለች። ሰላም ሳትለኝ ተቀመጠች።

«ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርዮ ማርያም። አጥር ጋ ነበርኩ» አለች። «ጻፉ።»

ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን ያበራሁት፤ ጊዜው ገና ስለነበር ማሽኑም ከእሷ ጋር ተስማማ።

«ሱሉልታ ሐኪም ጠፍቶ ነው እዚህ ድረስ የደከምሽው?» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

«ሐኪም አለ። እርስዎ ግን ሁለተኛ እንደማይሳሳቱ አውቃለሁ» አለች። ይቅርታ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልጠየቅኋትም። ሁለቱም ያስፈልጉኝ ነበር።

ግፊቱ እንዳይመለስባት አስፒሪን ጀመርኩላት፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ በኋላም በየሳምንቱ አየኋት። የመስቀል ሰሞን፣ በሠላሳ አራተኛው ሳምንቷ፣ ግፊቱ እንደገና ወጣ፣ ልጁም ማደጉን አቆመ። ያው ሳምንት፣ ያው በሽታ ነው። አሁን ግን ዕድሜውን አውቄያለሁ። በዚያው ቀን አዋለድኳት። ሴት ልጅ፤ ትንሽ ብትሆንም ጩኸቷ ኮሪደር ያቋርጣል። ቢፍቱ አሏት፤ በኦሮምኛ ጀንበር ስትወጣ ማለት ነው።

ከብት በረት የለመደው በቀለ ሹራቡን ከፍቶ፣ ልጅቷን ባዶ ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ከእናቶቹ መካከል ሳምንታት ተቀመጠ። ትንሽ ልጅ የሚሞቀው በሰው ገላ ነውና ከጫልቱ ጋር እየተፈራረቁ አሞቋት። ሴቶቹ «አባትየው መቼ ነው የሚወልደው?» እያሉ ቢያሾፉበት ቀና አይልም ነበር።

ለሲስተር አስካለ ደወልኩ። እንኳን ደስ አለሽ አላለችኝም።

«ውስጥ እግሯን አየሽ?» አለችኝ።

«አየሁ።»

«ምን ይላል?»

«ሠላሳ አራት።»

በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማኋት። «ይመስገን» አለች፤ እኔም አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ነፍሷን ይማር። ወንበሯን ልጆቿ ሰጡኝ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ታካሚ ያየሁት እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻው የሥራ ሳምንቴ መጻሕፍቴን ካርቶን ውስጥ ስከት ጫልቱ መጣች፣ ቢፍቱን ይዛ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ገና እየሞሉ ነው። ጫልቱ ልትሰናበተኝ የመጣች መስሎኝ አቀፍኳት።

«አንድ ነገር ቀርቶዎታል» አለችኝ ጫልቱ። ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የድሮው የሱሉልታ ካርድ ነው። ጠርዙ ተበልቷል።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «ያኔ ቤታችን መጥተው ሠላሳ አራት ነው ሲሉኝ እዚህም ላይ የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። የእሱ ነው ብዬ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ምን አለው? ባለፈው ቢፍቱ አግኝታ አነበበችልኝ። ሠላሳ ይላል አለችኝ።»

ካርዱን ተቀበልኳት። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ያ ኩራተኛ፣ ችኩል ጽሑፍ።

ይቅርታ ጠይቄያት ነበር፤ ጥናት ሠርቼ ነበር፤ የሦስት ከተማ ካርድ አስለውጬ ነበር። የዚህን የአንዱን ልጅ ካርድ ግን አላረምኩም። አስቤውም አላውቅም።

የሲስተር አስካለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «30»ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከላዩ «34» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «እናት ያለችው፦ ኅዳር ጽዮን» አልኩ። ፈረምኩ። በሐኪምነት የፈረምኩት የመጨረሻው ወረቀት እሱ ነው።

ጫልቱ ካርዱን ለቢፍቱ ሰጠቻት። «አንብቢ።»

«ሠላሳ አራት» አለች ቢፍቱ ጮክ ብላ። «እናት ያለችው፣ ኅዳር ጽዮን።»

ጫልቱ በፌስታሉ መልሳ ጠቀለለችውና ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

«አሁን ዕድሜውን አገኘ» አለች። «እርስዎም በሰላም ጡረታዎን ይውጡ።»